ማቴራን በሁለት ሰዓት አትጨርሷት

ጣሊያን የሚሄድ የአገሬ ሰው ሮምን፣ ፍሎረንስን፣ ቬኒስን አይቶ ይመለሳል። ደቡቡን ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ደቡብ፣ ባሪ ከተማ ድረስ ከወረዳችሁ የማቴራን ከተማ ሳታዩ እንዳትመለሱ። ስትሄዱ ደግሞ እደሩባት።

ከባሪ በትንሿ የአካባቢ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከጣቢያው ስትወጡ ተራ ከተማ ናት፤ ፎቅ፣ ካፌ፣ መኪና። ትንሽ እንደተራመዳችሁ መሬቱ ድንገት ቁልቁል ይከፈትና በገደሉ አፋፍ ላይ ቤት በቤት ላይ ተደራርቦ ታያላችሁ፤ የአንዱ ጣሪያ ለሌላው መንገድ ሆኖ። ሳሲ የሚሏቸው ጥንታዊ ሰፈሮች እነዚህ ናቸው። ብዙዎቹ ቤቶች ፊታቸው ብቻ ግንብ ነው፣ ውስጣቸው ከዓለት የተፈለፈለ ዋሻ። ከዓለት የተፈለፈሉ ቤተ ክርስቲያኖችም አሉ። አንዱ ደጃፍ ላይ ስደርስ ላሊበላ ትዝ ብሎኝ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ብዬ ነበር።

አብዛኛው ጎብኚ ከአውቶቡስ ወርዶ ፎቶ ያነሳል፣ አይስክሬሙን ይበላል፣ ይሄዳል። ይሄ ነው የሚቆጨኝ። ይሄ ሁሉ ውበት የዛሬ 70 ዓመት ገደማ የአገር ኀፍረት ይባል ነበር እኮ! ቤተሰብ ከነበቅሎው አንድ ዋሻ ውስጥ ያድራል፣ ወባና ትራኮማ አለ፣ ሕፃናት ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ1952 መንግሥት ሕግ አውጥቶ ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከዚያ እንዲነሳ አደረገ፣ ሰፈሩም ለዓመታት ወና ቀረ። በ1993 ዩኔስኮ መዘገበው፣ በ2019 ከተማዋ የአውሮፓ የባህል መዲና ሆነች። ያው ዋሻ ዛሬ ሆቴል ነው።

እዚያ ማደር ነውር ነው አልልም፤ ወና ሆኖ ከሚፈርስ ሰው ቢያድርበት ይሻላል። ግን መጀመሪያ እንደ ድሮው ተሰናድቶ ለጎብኚ ወደተከፈተው የዋሻ ቤት ግቡ። አልጋው ከፍ ያለ ነው፣ ፍራሹ የበቆሎ ገለባ። ከአልጋው ሥር ዶሮዎች ያድሩ ነበር፣ በቅሎዋ ደግሞ ከጓዳ። ከዚያ በቪቶሪዮ ቬኔቶ አደባባይ ሥር ወዳለው ፓሎምባሮ ሉንጎ ውረዱ። 5 ሚሊዮን ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ከዓለት የተፈለፈለ የውኃ ማጠራቀሚያ ነው። ኀፍረት የተባለው ሰፈር ዝናቡን በቦይ እየመራ ጠብታ እንዳይባክን ያደርግ የነበረ ሰፈር ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የነካኝ ግን የዳቦ ማኅተም ነው። እናቶች ሊጡን ቤት አቡክተው የሰፈሩ የጋራ ምድጃ ዘንድ ያስጋግሩ ነበር። የማን እንደሆነ እንዲለይ የቤተሰቡ ስም መነሻ ፊደል የተቀረጸበት የእንጨት ማኅተም ሊጡ ላይ ያትሙበታል። አናቱ ላይ ዶሮ የተቀረጸበት አንድ አሮጌ ማኅተም አገላብጬ አየሁ። ከብዙ መታተም የተነሳ የፊደሉ ጠርዝ ዶልዱሟል። ያ ቤተሰብ የት ደረሰ?

ይሄን እያሰብኩ በማግስቱ ላ ማርቴላ ሄድኩ። ከዋሻው ለተነሱት የተሠራ፣ ከከተማው ወጣ ያለ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ገበሬው ከብቱን ይዞ እንዲገባ ጋጣ ታስቦላቸው የተሠሩ። እናንተም ሂዱ። ትናንት ሳሲ ውስጥ መተላለፊያ ያሳጣኝ ሰው አንዱም እዚህ አልነበረም፤ አንዲት ሴትዮ በረንዳቸው ላይ ልብስ ሲያሰጡ ብቻ አየሁ።