የሰፈሩ ድርሻ፦ በሐዋሳ የተሰማ ክርክር

በቅርቡ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የለቅሶ ድንኳን ከቀብር መልስ ተቀምጠን ሳለ፣ ጨዋታው እየተደጋገመ ወደመጣው የስልክ ንጥቂያ ዞረ። ነገሩን ያነሡት የሚያከራዩት ቤት ያላቸው አንዲት እናት ናቸው። ከተከራዮቻቸው አንዷ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ፣ ከማታ ፈረቃ ወጥታ በእግሯ ስትመለስ ስልኳንና የተቀበለችውን ደመወዝ ተቀምታለች። የተያዘው ወጣት ደግሞ እዚያው ሰፈር ሊስትሮ ሲሠራ የሚያውቁት ልጅ ነው። «ድኻ ድኻን ቀማ፤ ለማን ልዘን?» አሉ።

ጡረታ የወጡ አንድ የፖሊስ ባልደረባ ግን ለማን እንደሚያዝኑ አልተቸገሩም። «ድህነት ሌባ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ድንኳን ማን ይተርፍ ነበር? እኔ በባዶ እግሬ ተምሬ ነው ያደግሁት። ከአንድ ማኅፀን ወጥተው ከአንድ መሶብ የበሉ ወንድማማቾች አንዱ ሠርቶ አዳሪ፣ ሌላው ቀማኛ ሲሆን አይቻለሁ። መንግሥት በ1996 አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 384ን ያወጣው ያለ ነገር አይደለም። በአዋጁ መሠረት ሥራ ፈቱን ከየመንገዱ ማንሳት ነው መፍትሔው» ሲሉ ብዙዎች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

አጠገባቸው የነበረች የሁለተኛ ደረጃ መምህርት በአክብሮት ተቃወመቻቸው። «ሃምሳ አለቃ፣ የተቀማችውም ልጅ ድኻ ናት፤ ግን አልሰረቀችም። ስለዚህ ድህነት ብቻውን ሌባ ያደርጋል አልልም። የምለው ሰፈሩም ድርሻ አለው ነው። ሻው እና ማኬይ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተሙት ጥናት የቺካጎን የወጣት ጥፋተኞች መዝገብ ለብዙ ዓመታት ተከታትለው ነበር። በድኾቹ ሰፈሮች የሚኖሩት ስደተኞች በየጊዜው ተለዋወጡ፤ አንዱ ሕዝብ ለቅቆ ሲወጣ ሌላው ገባ። የወንጀሉ ብዛት ግን እዚያው ሰፈር ቀረ፤ ለቅቀው በሄዱት ልጆች ላይም ቀነሰ። ክፋቱ የሰዎቹ ደም ቢሆን ኖሮ አብሯቸው በሄደ ነበር» አለች።

«ቺካጎንና ሐዋሳን ምን አገናኛቸው?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ኪራይ» ስትል መለሰች። ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከሌላም አካባቢ የመጡ ወጣቶች በከተማዋ ጠርዝ አንዲት ክፍል ለሦስትና ለአራት ይከራያሉ፤ ኪራይ ሲጨምር ይለቃሉ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ሳይታወቅ ዓመት ያልፋል። ቀጥላም በዚያችው ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ሌላ ጥናት 343 ሰፈሮች መመርመራቸውን አስረዳች። ጎረቤቶች በሚተማመኑበትና የሰውን ልጅ እንደራሳቸው ልጅ በሚቆጡበት ሰፈር፣ ድህነቱ ግምት ውስጥ ገብቶም እንኳ፣ የኃይል ጥቃቱ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን ጊዜ ቤት አከራይዋ እናት፣ «ታዲያ ይሄ የእኛው እድር አይደለም እንዴ?» አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን፣ «ተከራዮቼ እድር የላቸውም። ዛሬ ያለ ነገ ይሄዳል ብለን አንመዘግባቸውም» አሉ፤ ማንም አላስተባበላቸውም። አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ደግሞ ከዋናው መንገድ ሲወጣ ጨለማ ስለሆነ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በኮንትራት ካልሆነ ወደ ተከራዮቹ ሰፈር እንደማይገባ፣ ተከራዮቹም የኮንትራቱን ዋጋ ስለማይችሉት በእግራቸው እንደሚሄዱ ተናገረ። ሃምሳ አለቃም የፖሊስ ቅኝት ሁልጊዜ የሚዘገየው እዚያ መሆኑን አልካዱም፤ ሆኖም፣ «መብራት የሌለበት ሰፈር የሚኖር ሁሉ አይቀማም» ብለው አቋማቸውን አጸኑ።

በእኔ አመለካከት ሃምሳ አለቃ በአንድ ነገር ትክክል ናቸው። ልጁ መጠየቅ አለበት፤ የወር ድካሟን ያጣችው ልጅ ፍትሕ ካላገኘች፣ ስለ ቀማኛው ድህነት የምናወራው ሁሉ በእሷ ላይ ሁለተኛ በደል ይሆናል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 82 በከባድ የኑሮ ችግር ውስጥ ሆኖ ያጠፋ ሰው ቅጣት እንዲቀልለት ይፈቅዳል እንጂ ጥፋቱን አይሰርዝም፤ ይህን ሚዛን እቀበለዋለሁ። ከእርሳቸው የምለየው በአፈሳው ነው። የቦዘኔነት አዋጁ ለተጠርጣሪው ዋስትና ይከለክላል፤ ሰፈሩ ግን እንዳለ ይቀራል። የታፈሰው ልጅ ሲመለስ፣ ወይም በእሱ ፈንታ ሌላው ሲመጣ፣ የሚቀበለው ያው ጨለማና ያው የማይተዋወቅ ሰው ነው።

ለጨለማው መፍትሔ እንዳለ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በኒው ዮርክ በዕጣ በተመረጡ የመንግሥት የኪራይ መኖሪያ መንደሮች መብራት ተተክሎ ሲጠና፣ በሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች በ36 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። ከፓርኩ ወደ ተከራዮቹ መንደር የሚወስዱት መንገዶች አስቀድመው ሊበሩላቸው ይገባል፤ የከተማዋ ሠራተኞች የሚሄዱባቸው ናቸውና። እድሩ ግን የማዘጋጃ ቤቱን በጀት አይጠብቅም። የመመዝገቢያውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለማይችል ተከራይ በየወሩ ከፋፍሎ ማስከፈል ይቻላል፤ ቤት ሲለቅም ለገባበት ሰፈር እድር መሸኛ ደብዳቤ መስጠት አያስቸግርም። መጪው ጠቅላላ ጉባኤያችን ይህን በአጀንዳ ይዞ እንዲወያይበት ለእድሩ ዳኛ በጽሑፍ አመለክታለሁ፤ ቤት አከራይዋ እናትም አብረውኝ ሊፈርሙ ተስማምተዋል።