ጠጋ በሉ

ድሬ ላይ አንዳንድ ባጃጆች ውስጥ «ርቀትዎን ይጠብቁ» የሚለው ማስታወቂያ እስካሁን አልተነሳም። ጠርዙ ተልጧል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል። ትናንት ከከዚራ ወደ መጋላ ስሻገር እሱን እያነበብኩ ኋላ አራት ሆነን ተጣበናል። አምስተኛው ሹፌሩ አጠገብ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል። ሹፌሩ ልጅ ግን «አባባ፣ ትንሽ ጠጋ በል እንጂ!» ይለኛል። ወዴት ልጠጋ? ከዚህ ወዲያ ያለው የደቻቱ ወንዝ ነው።

መጠጋቱንስ ልቻለው። ያልቻልኩት ሒሳቡን ነው። በ2012 ኮሮና ገብቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ትራንስፖርት በግማሽ ይጫን ተባለ። ዋጋውም ጨመረ። ልክ ነው፣ በሽታ ነው፣ ማን ይከራከራል? አጠገቤ ላልተቀመጠ ሰው ከፈልኩ። አሁን ያ ሰው ተመልሷል። ጭኔ ላይ ሊቀመጥ ትንሽ ነው የቀረው። ይኸው እሱም ይከፍላል፣ እኔም የእሱን እከፍላለሁ።

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» ይባላል። ይህን ተረት እወደዋለሁ፤ ሚስቴ እስኪሰለቻት ነው የምተርተው። ሹፌሩ ላይ ብቻ መለጠፉ ግን ግፍ ነው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው በየደረጃው ሲነሳ ቆይቷል፣ ልጁ ቤንዚኑን በምርቃት አይቀዳም። ጦጣዋ ሌላ ቦታም አለች። የሰፈራችን ሻይ ቤት ስኳር የጠፋ ጊዜ ብርጭቆ አሳነሰ። ስኳሩ መጣ። ብርጭቆው አላደገም።

ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ደግሞ አለ። በኮሮና ጊዜ «አምስት አምስት ሆናችሁ ግቡ» ተባልን። ማስኩ ወለቀ፣ ሳኒታይዘሩ ጠፋ፣ የእጅ መታጠቢያው ጀሪካን ደርቆ ተሰነጠቀ። «አምስት አምስት» ግን አለች! በግንቦት ፀሐይ ግድግዳ ታክከን እንቆማለን። ውስጥ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው፣ ቬንትሌተሩ ለብቻው ይዞራል። ዘበኛውን ለምን ብትሉት «መመሪያ ነው» ይላል። የማን መመሪያ? በሽታው እንኳ ረስቶታል። እዚህ ላይ ቀልዱን ትቻለሁ። ነፍሰ ጡር አቁሞ ባዶ ወንበር መጠበቅ ነውር ነው።

በዚህ ከተማ ርቀቱን ከማንም በፊት የጠበቀው ባቡሩ ነው። የድሮው በ1895 ሲደርስ ከተማዋ የተወለደችው እሱ ዙሪያ ነው። ባቡሩ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልሆነለት፣ ድሬን መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ብለዋት ነበር (ሐረሮች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል)። ያኔ ከለገሃሩ ጣቢያ ወርደህ ሻንጣህን እያንጠለጠልክ ቤትህ ትገባ ነበር። በ2009 የተመረቀው አዲሱ ግን ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። እዚያ ለመድረስ ኮንትራት ባጃጅ ነው። ሹፌሩ ሻንጣህን አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው። ኮሮና ሳይታሰብ ርቀት የጠበቀ ጣቢያ! ዛሬም ያናድደኛል።

ስለ ሒሳቡ ነበር የማወራው። ታሪፍማ አለ። ሹፌሮቹን ስጠይቅ «እሱ ሦስት ለሚጭን ነው፣ እኛ አምስት ነው የምንጭነው» አሉኝ። አምስት ከጫናችሁማ መቀነስ አለበት ብዬ ልከራከር ስጀምር፣ የሚያግዘኝ ተሳፋሪ አይገኝም። የሚገኘው ከኋላ «ኧረ አቦ፣ ክፈለውና እንሂድ!» የሚል ነው።