ማስተካከያ፦ የታይሮይድ መድኃኒት ማቋረጥና የክብደት መጨመር

ጅማ ላይ ለታይሮይድ ታካሚዎች በተበተነው ወረቀት «ሌቮታይሮክሲን ያቋረጠ በሳምንት ውስጥ ይወፍራል» የሚለው ይታረም። የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካው ይህ መድኃኒት ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 7 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ድካሙ፣ የሆድ ድርቀቱና ብርድ ብርድ ማለቱ የሚመጡት ከሳምንታት በኋላ ነው። የሚጨምረው ክብደትም ባብዛኛው ከ2 እስከ 5 ኪሎ ነው፤ ከዚያም አብዛኛው ጨውና ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። 15 ኪሎ የጨመረ ሰው ሌላ ምክንያት ይፈለግለት።

«ከቁርስ በፊት ይወሰድ» የሚለውም አይበቃም፤ ጅማ ላይ ቡና ከቁርስ ይቀድማላ! ክኒኑ በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይዋጥ፤ ቡናው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ፣ የብረትና የካልሲየም ክኒን ደግሞ ለ4 ሰዓት ያህል ይቆይ። ያቋረጠ ሰው የቀረበትን ደርቦ አይውሰድ፣ በተለይ ልብ ሕመም ካለበት። መጠኑን ሐኪም ይወስናል፤ የቲኤስኤች ምርመራው (የታይሮይድ ሆርሞን መመጣጠኑን የሚያሳየው የደም ምርመራ) መድኃኒቱ እንደገና ከተጀመረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ይደረጋል።