ደሞዙ ያደገ ተከራይ ይውጣ ወይስ ይክፈል?

አሜሪካ ያለ አበሻ «ሃውሲንግ ገባሁ» ሲል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው መንግሥት ራሱ የሚያከራየው የሕዝብ ቤት ነው። ሁለተኛው ሴክሽን ኤይት ነው፤ ከግል አከራይ ጋር ትዋዋላለህ፣ የጎደለውን መንግሥት ይከፍልልሃል። ሦስተኛው ባለሀብት በታክስ ቅናሽ የሚሠራው «ሎው ኢንካም» አፓርታማ ነው። ገቢ ሲያድግ በሦስቱም ቤት የሚሆነው ለየቅል ነው። ስለዚህ ቡና ላይ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ የጎረቤትን ውል ለራስ ማንበብ ይሆናል።

«ገቢው ያደገ ተከራይ ለምን አይወጣም?» የሚለው ቁጣ ያለው በመጀመሪያው፣ በሕዝብ ቤቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የፌዴራሉ ቤቶች መሥሪያ ቤት ዋና ኦዲተር ባወጣው ሪፖርት ከ1.1 ሚሊዮን ገደማ የሕዝብ ቤት ተከራዮች መካከል 25,226 ቤተሰቦች ለመግቢያ ከተቀመጠው የገቢ ጣሪያ በላይ ሆነው ተገኙ። በኒውዮርክ አንድ ቤተሰብ በዓመት 497,911 ዶላር እያገኘ ለባለ ሦስት መኝታ ቤት በወር 1,574 ዶላር ይከፍል ነበር። ነብራስካ ውስጥ ደግሞ 1.6 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሀብት ያለው ተከራይ በወር 300 ዶላር። ጋዜጣ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው። ኪራዩ ግን ለምን እዚያ ላይ ቆመ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

የሕዝብ ቤት ኪራይ ሲሰላ ከታክስ በፊት ያለው የቤተሰቡ ገቢ ይደመራል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 480 ዶላር ገደማ ይቀነሳል፣ ለ12 ይካፈላል፣ 30 በመቶው ኪራይ ይሆናል። 60,000 ዶላር የሚያገኝ የሦስት ልጆች ቤተሰብ ሌላ ተቀናሽ ከሌለው 1,464 ዶላር ይደርሰዋል። በዚህ ስሌት የኒውዮርኩ ቤተሰብ በወር ከ12,400 ዶላር በላይ መክፈል ነበረበት። ያዳነው «ፍላት ሬንት» የሚባለው ነው። ተከራይ በየዓመቱ ከገቢው 30 በመቶ ወይም ለቤቱ ከተቆረጠው ዋጋ አንዱን ይመርጣል፤ የተቆረጠው ዋጋ ደግሞ ገበያውን ሳይከተል ብዙ ዓመት ተኝቶ ኖረ። በኋላ ከአካባቢው የገበያ ኪራይ 80 በመቶ እንዳያንስ ተደነገገ። እንግዲህ በዚያ ታሪክ ውስጥ ካለው ሀብታም ተከራይ ይልቅ ጥፋተኛው ያልተነካው የዋጋ ዝርዝር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሕግ በሕዝብ ቤት ውስጥ ለሚኖር ተከራይ የገቢ ጣሪያ አበጀ። ለቤተሰቡ ቁጥር የተመደበው «በጣም ዝቅተኛ ገቢ» (የአካባቢው መካከለኛ ገቢ ግማሽ ያህል) በ2.4 ይባዛል፤ እሱ 60,000 ከሆነ ጣሪያው 144,000 ዶላር ነው። ገቢህ ከዚያ ካለፈ ደብዳቤ ይደርስሃል፣ ከ12 ወር በኋላ እንደገና ትመዘናለህ፣ በ24ኛው ወር ለመጨረሻ ጊዜ። በመሃል አንድ ጊዜ እንኳ ገቢህ ከጣሪያው በታች ከወረደ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ሁለቱ ዓመት ሞልቶ አሁንም በላይ ከሆንክ የአካባቢው ቤቶች አስተዳደር ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ በስድስት ወር ውስጥ ያስወጣሃል፣ ወይም በአዲስ ውል የገበያውን ኪራይ አለዚያም መንግሥት ለቤቱ የሚያወጣውን ድጎማ፣ ከሁለቱ የበለጠውን ያስከፍልሃል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ያንተ አስተዳደር ነውና ፖሊሲውን ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት ጠይቅ።

ሴክሽን ኤይት ላይ ማስወጣት የሚባል ነገር ብዙም አያስፈልግም። የገቢህ 30 በመቶ ኪራዩን በሙሉ ሲሸፍን የመንግሥት ክፍያ ዜሮ ይሆናል፤ 180 ቀን በዜሮ ከቆየ የድጎማው ውል ያበቃል፣ አንተ ከአከራይህ ጋር ትቀጥላለህ። በታክስ ቅናሽ የተሠራው አፓርታማ ደግሞ ገቢህን የሚመዝነው በዋናነት ስትገባ ነው። ከጣሪያው 140 በመቶ ብታልፍ እንኳ አትባረርም፤ ቀጥሎ የሚለቀቀው ተመጣጣኝ ክፍል ለዝቅተኛ ገቢ ሰው ይሰጣል፣ በቃ።

በእኛ ቤቶች ውስጥ ነገር የሚበላሸው በልጅ ነው። ከ18 ዓመት በላይ የሆነ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ልጅ ደሞዙ ከጥቂት መቶ ዶላር በስተቀር አይቆጠርም። ተመርቆ በ45,000 ዶላር ሥራ በያዘ ጊዜ ግን ሙሉው ይደመራል፤ ኪራዩ በወር 1,125 ዶላር ገደማ ዘሎ ይወጣል። እናት ትደነግጥና «ዝም እንበል» ይባላል። መሥሪያ ቤቱ ግን አሠሪዎች ለመንግሥት ከሚልኩት የደሞዝ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ሲደረስበት የኋላው ኪራይ ዕዳ ሆኖ ይመጣል፣ ውልም ሊያሳጣ ይችላል። «ከሊዙ (ከኪራይ ውሉ) እናውጣው» የሚለው ብልሃትም ፖስታው፣ መንጃ ፈቃዱ፣ መኪናው እዚያው አድራሻ ላይ እያለ አይሠራም። ከዚያ የሚሻለው ልጁን አስመዝግቦ ፍላት ሬንቱ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ነው። አዲስ አበባ የሚያከራየው ቤት ያለው ሰውም ከዚያ የሚያገኘው ኪራይ ገቢ ነው፤ ውቅያኖስ ማዶ ስለሆነ አይጠፋም።

አገር ቤት ደግሞ የሚጠየቀው ጥያቄ ራሱ ሌላ ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። ያኔ የተቆረጠው ኪራይ ለአሥርተ ዓመታት ሳይነካ ኖረ። ወረዳው የሚያጣራው «ሌላ ቤት አለህ ወይ?» የሚለውን ነው፤ ደሞዝህን የሚጠይቅህ የለም። ነጋዴውም ጡረተኛዋም በአንድ ግቢ፣ በአንድ ሽንት ቤት፣ በጥቂት ብር ይኖራሉ። በዚያ ብር ማን ቆርቆሮ ይቀይራል? ያፈሰሰውን ጣሪያ፣ የተቦረቦረውን ግድግዳ ተከራዩ ከኪሱ ያድሳል። ሠላሳ ዓመት ያደሰ ሰው ደግሞ የተከራየ ሳይሆን የሠራ ይመስለዋል፣ ልጆቹም እንደ ውርስ ያዩታል። «ገቢህ አድጓልና ውጣ» ብትለው ሚስማሩን ሳይቀር ይቆጥርልሃል።

የኮንዶሚኒየሙ ድጎማ በሌላ በኩል ይፈስሳል። በ20/80 ዕጣ የደረሳት ዝቅተኛ ገቢ ያላት ሴት ቅድሚያ ክፍያውን ተበድራ ትከፍልና የባንኩን ወርሃዊ ዕዳ ስለማትችለው ታከራየዋለች፤ እሷ ረከስ ያለ ሰፈር ገብታ ደህና ደሞዝተኛ ይኖርበታል። ድጎማው በቁልፍ ርክክቡ ዕለት ተሰጥቶ አልቋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚመዝነው የለም። አምስት ዓመት መሸጥ የለበትም የሚለው ክልከላም ሽያጭን እንጂ ኪራይን አያግድም።

እኔ ማስወጣትን አልደግፍም። ደሞዙ የጨመረ ጎረቤት ሲባረር ሕንፃው ውስጥ የሚቀረው ችግረኛ ብቻ ነው፤ ሰውም ኦቨርታይም መሥራት ይፈራል። ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ ቢቀመጥ ግን ገንዘቡ ሊፍት ያሠራል። ለቀበሌ ቤትም በገቢ የተደለደለ ኪራይ ይሻላል፣ ተከራዩ ያወጣው የእድሳት ወጪ በደረሰኝ ተቆጥሮ ከኪራዩ እስከታሰበለት ድረስ። ደረሰኝ የሌለው ደግሞ ቢያንስ ቆርቆሮው ስንት እንደሆነ ከጣሪያው ላይ መቁጠር ይቻላል።