«ቲቸር፣ ጨረስኩ!»

ይህን ቃል በሁለት አገር ሰምቼዋለሁ። አንዱ ዴንቨር፣ ረዳት መምህር ሆኜ በምሠራበት ክፍል። ሌላው ዘንድሮ ጥምቀት ሳይደርስ ጎንደር ገብቼ፣ የአክስቴ ልጅ በምታስተምርበት አራተኛ ክፍል የኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጬ።

ዴንቨር መምህሯ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ሁለት ነገር ትጽፋለች፤ የግድ የሚሠራውንና ከጨረሱ በኋላ የሚመረጠውን። መጽሐፍ አለ፣ እንቆቅልሽ አለ፣ ለጓደኛ ጥያቄ ማውጣትም አለ። የጨረሰ ልጅ ማንንም ሳይጠይቅ ተነስቶ ከመደርደሪያው ያነሳል። ያስቀናል። ሁሉም ክፍል ግን እንዲህ እንዳይመስላችሁ። የእኔ ልጅ ክፍል ሃያ ሒሳብ ቀድሞ ለጨረሰ ሌላ ሃያ ይታደለዋል። አንድ ቀን «አባ፣ አሁን ቀስ ብዬ ነው የምሠራው» አለችኝ። ምን ልበላት? ቅጣት መሆኑ ገብቷታል።

ጎንደር 67 ልጅ ቆጠርኩ። መስፈርቱ ለአንድ ክፍል 50 ነው። አምስት የማካፈል ጥያቄ ተጻፈ። መስኮቱ ሥር የተቀመጠ አንድ ቀጭን ልጅ፣ እኔ ሁለተኛውን አንብቤ ሳልጨርስ እሱ አምስቱንም ጨርሷል።

«ቲቸር፣ ጨረስኩ!»

«ዝም ብለህ ቁጭ በል።»

ደብተሩን ገልብጦ የፋሲልን ግንብ መሳል ጀመረ። ሦስቱን የማዕዘን ማማዎች አሳምሮ ሣለ። አራተኛው ላይ ሰለቸው መሰለኝ፣ የጎረቤቱን ጆሮ ጎተተ። ከዚያማ በጥባጭ ተባለና ተንበረከከ።

ማታ ቡና ላይ የትምህርት ዕቅዷን አሳየችኝ። 40 ደቂቃው ተሸንሽኗል፤ መግቢያ፣ አቀራረብ፣ ማጠቃለያ፣ ግምገማ። የመምህሩ ተግባርና የተማሪው ተግባር ለየብቻ ሰንጠረዥ አላቸው። «ቀድሞ የጨረሰውስ የት አለ?» አልኳት። ሳቀች። «ጋሼ፣ እኔ ያልጨረሰው አልበቃኝ ብሎ!»

እውነቷን ነው። መደርደሪያ የለ፣ ትርፍ መጽሐፍ የለ። የዴንቨሩን እንዳለ አምጥቼ ብዘረግፍላት ሞኝ እባላለሁ። ግን እኔና እሷ የተማርነው የኔታ ዘንድ አይደል? እዚያ ቀድሞ መጨረስ ችግር ሆኖ አያውቅም። ሁሉም በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ፊደል የለየ ወደ ንባብ ያልፋል፣ ዳዊት የደገመ ፊደል ቆጣሪዎቹን ያስቆጥራል። የኔታ አንድ ሆነው ስንቱን ያዳረሱት በእኛው ጉልበት ነበር። (አለንጋቸውን አላነሳሁም፣ እሱ እዚያው ይቅር።) በኋላ ይኸው መረዳዳት «አንድ ለአምስት» ተብሎ፣ አንድ ጎበዝ አምስት ልጆችን እንዲያግዝ፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤትም ገብቶ ነበር። ግን ቡድኑ በወረቀት ይደለደላል፣ ጎበዙ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። ጎበዝ ልጅን ዕድሜ ልኩን የሰው ሞግዚት ማድረግም አይገባም። አንዳንዴ ለራሱ ከበድ ያለ ጥያቄ ያስፈልገዋል፤ እሱን ደግሞ ሰሌዳው ጥግ ላይ በጠመኔ መጻፍ ይቻላል።

ይህንኑ ስንጨቃጨቅ አመሸን። ሐሙስ ዕለት ተመልሼ ሄድኩ። ከአምስቱ ጥያቄ ሥር ስድስተኛ ተጽፏል፣ ኮከብ ተደርጎበታል። ቀጭኑ ልጅ እሱንም ሠርቶ እጁን አወጣ።

«ጎሽ! በል ሂድና ኋላ ያሉትን አግዛቸው» አለችው።

ተነሳና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

«ቲቸር፣ ላስረዳቸው ወይስ ላስገልብጣቸው?»