ኑዛዜ ሟርት፣ ውክልና በረከት

የኛ አገር ብልህ አባት ኑዛዜ አይጽፍም። ኑዛዜ ሟርት ነዋ! ውክልና ግን ሞትን አይጠራም። ፈርመህ ወጥተህ ማኪያቶ ትጠጣለህ።

ጎረቤቴ ጋሼ የዚህ ጥበብ ሊቅ ናቸው። ለልጃቸው ውክልና ሊሰጡ ሲሄዱ አጀብኳቸው። ከውልና ማስረጃ በር ላይ ያለችው ጸሐፊ «ምን ምን ይግባበት ጋሼ?» አለቻቸው።

«ሁሉም!»

ጻፈች። እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ ከባንክ እንዲያወጣ፣ ሌላ ሰው እንዲወክል። ቀና ብላ «የቀረ አለ?» ስትል፣ ትንሽ አሰቡና «የረሳሽው ካለ ጨምሪበት» አሏት። ልግስና ይሉሃል ይኼ ነው! ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ሦስት ጉሊት የሚዞሩ ሰውዬ ናቸው። ውስጥ ገብተን «አንብበውታል?» ሲባሉ «አዎ» አሉ። መነጽራቸው ቤት ነበር።

ውጭ አገር ያሉትማ ይብሳሉ። ኤምባሲ ተሰልፈው ውክልናውን ለወንድማቸው ይልካሉ። «ቤቱ እንዴት ነው?» ሲሉት «ደህና ነው» ይላቸዋል። ደህና ነው፣ ባለቤት ቀየረ እንጂ። ውክልናን በፈለጉ ጊዜ መሻር ይቻላል፤ ግን ወንድምን መሻር ነውር ነው። ሰው ምን ይላል?

እኔ ነገር አላውቅም፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሲያልፉስ?» አልኩ።

«በል አፍህን ሰብስብ! ለዚያ አይደል እንዴ ውክልናው? ልጁ በእጁ ይዞታል።»

ምቀኛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቀራል ይላል፣ ቁጥር 2232። ወካዩ በሕግ ፊት ለራሱ የመወሰን ችሎታ ሲያጣም እንደዚያው። ስለዚህ ያ ወረቀት ጋሼ ቁጭ ብለው ቡና ሲጠጡ ቤታቸውን ያሸጣል፤ የቀብራቸው ዕለት ግን ተራ ወረቀት ነው። ከዚያ ወራሽነት ማረጋገጥ፣ ፍርድ ቤት። ቁጥር 857 ደግሞ ኑዛዜን በውክልና ማስጻፍ አይቻልም ብሎ ይጨምራል። ጋሼ የግድ ራሳቸው መናዘዝ አለባቸው። ይኼንን ማን ይነግራቸዋል? እኔ አፌን ሰብስቤያለሁ።

ቤት ስንደርስ ውክልናውን በላስቲክ ጠቅልለው ሳጥናቸው ውስጥ ከዕድር ደብተራቸው ሥር ከተቱት። የዕድር መዋጮ አንድም ወር አሳልፈው አያውቁም።