ወረርሽኙ ሳይጠፋ ኳስ ይመለስ? የጋዜጠኛዋና የወጌሻው ክርክር

ወረርሽኝ ገና ሰው እየጣለ ሳለ ፕሮፌሽናል ስፖርት ወደ ሜዳ መመለስ አለበት ወይ? በኮሮና ጊዜ እያንዳንዱ ሊግ ለዚህ ጥያቄ የየራሱን መልስ ሰጥቶ አልፏል። ጥያቄው ግን አልተዘጋም፤ ሌላ ወረርሽኝ የመጣ ቀን ተመልሶ ይነሣል። «ይመለስ» የምትለው የስፖርት ጋዜጠኛ ናት። «ይቆይ» የሚሉት ደግሞ ለረጅም ዓመታት የእግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋዜጠኛዋ፦

ሜይ 16 ቀን 2020 የዶርትሙንድንና የሻልከን ጨዋታ ለማየት ቴሌቪዥን ፊት ስቀመጥ እጄን ያልበኝ ነበር። ለሁለት ወር ያህል አንድም ትልቅ ጨዋታ አላየሁም። ከ80 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው ስታዲየም ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። ተጠባባቂዎቹ ማስክ አድርገው ተራርቀው ተቀምጠዋል። ኳሷ ስትመታ ድምጿ ይሰማል፣ አሠልጣኙ ሲጣራ ይሰማል። የዶርትሙንዱ አጥቂ ሃላንድ የመጀመሪያዋን ጎል ሲያስቆጥር ጓደኞቹ ሮጠው አልተጠመጠሙበትም፤ ራቅ ብለው ቆመው ነው ደስታቸውን የገለጹት። 4 ለ 0 አለቀ። ከአውሮፓ ትልልቅ ሊጎች ቀድሞ የተመለሰው የጀርመኑ ሊግ፣ ቡንደስሊጋው ነበር። ያየሁት ጨዋታ ጎደሎ ነበር፤ ግን ጨዋታ ነበር።

አቋሜን ላስቀምጥ። ስታዲየምን በሕዝብ መሙላትና ሁለት ቡድኖችን በዝግ ስታዲየም ማጫወት ለየቅል ናቸው። ለመጀመሪያው አልከራከርም። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2020 የቤርጋሞው አታላንታ ቫሌንሲያን ሚላን ውስጥ በሳን ሲሮ ሲያስተናግድ ከ40 ሺህ በላይ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ቤርጋሞ በጣሊያን ክፉኛ ከተመቱት ከተሞች አንዷ ሆነች። ማርች 11 ሊቨርፑል ከአትሌቲኮ ማድሪድ ሲጫወትም ስታዲየሙ ጢም ብሎ ነበር። ስፔን ውስጥ ጨዋታዎች በዝግ እንዲካሄዱ ተወስኖ ሳለ 3 ሺህ ያህል የአትሌቲኮ ደጋፊዎች እንግሊዝ ገብተው አብረው ዘመሩ። ይህን ደግፎ የሚቆም ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጀርመኖቹ ያደረጉት ግን ሌላ ነው። ስታዲየሙን በሦስት ቀጠና ከፈሉት፤ በየቀጠናው የሚኖረውን ሰው 100 ገደማ ላይ ገደቡት። ተጫዋቾቹ በተደጋጋሚ ተመረመሩ፣ ሊጉ ከመጀመሩ በፊትም ሆቴል ገብተው ለብቻቸው ሰነበቱ። የሊጉ አስተዳደር ከፕሮፌሽናል እግር ኳሱ ጋር የተያያዘ 56 ሺህ የሥራ ቦታ እንዳለ ተናግሯል። ከእነዚህ ውስጥ ባለ ሚሊዮን ደመወዞቹ ስንት ናቸው? ሣር የሚያጭደው፣ ማልያ የምታጥበው፣ ገመድ የሚዘረጋው የካሜራ ሠራተኛ ይበዛሉ። ሜዳው ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

ወጌሻው፦

እህቴ፣ አንቺ ጨዋታውን ከስክሪኑ ታውቂዋለሽ፤ እኔ የማውቀው ከሜዳው ጥግ ነው። የአንድ ተጫዋች ባት ሲሸመቀቅ ቦርሳዬን ይዤ እሮጣለሁ። ተረከዙን በመዳፌ ይዤ፣ ጉልበቱን ቀጥ አድርጌ፣ የእግሩን ጣቶች ወደ እሱ እገፋለሁ። ሲብስበት ይይዘኛል፣ አንገቴን ሳይቀር ያንቃል። ላቡ እጄ ላይ ነው፣ ምራቁ ልብሴ ላይ ነው፣ እያቃሰተ የሚያወጣውን አየር እኔ ወደ ውስጥ እስበዋለሁ። ሁለት ሜትር ርቆ የሚያሽ ወጌሻ የለም። ጉንፋን የያዘው ልጅ ከማሻ አልጋዬ ላይ ከተኛ በሦስተኛው ቀን እኔ እተኛለሁ፤ ቀጥላ ባለቤቴ። ይህ በየዓመቱ ያየሁት ነገር ነው፤ ለዚያውም ጉንፋን ነው።

ስለ ቀጠና ነገርሽኝ። ቫይረሱ ቀጠና አያውቅም፤ መልበሻ ክፍልም እንደዚያው። ሊጉ ሊመለስ ቀናት ሲቀሩት የሄርታ በርሊኑ ሳሎሞን ካሉ በስልኩ እየቀረጸ ክፍል ለክፍል ሲዞር ታየ። ከጓደኞቹ ጋር እጅ ይጨባበጣል፤ አንዱ ሲመረመር እንኳ ገብቶ ይቀርጻል። ክለቡ አገደው። እኔ ልጁን አልኮንነውም። እንዲያውም እውነቱን ስላሳየን ላመሰግነው ይገባል። አብሮ የሚበላ፣ አብሮ የሚታጠብ፣ ተሳስቆ የሚውል ሰው ነው። በወረቀት የተጻፈው ደንብ እዚያ በር ላይ ይቀራል።

ዲናሞ ድሬስደንንም አትርሺ። በጀርመን ሁለተኛው ሊግ ሁለት ተጫዋቾች ቫይረሱ ተገኘባቸውና መላው ቡድን ለ14 ቀን ለይቶ ማቆያ ገባ። ሌሎቹ ሲጫወቱ እነሱ ቤታቸው ተዘግቶባቸው ነበር። ሲወጡ ጨዋታው ተደራርቦ ጠበቃቸው፣ በመጨረሻም ወረዱ። ይህ ውድድር ነው? በዚያው ዓመት ጁላይ የአሜሪካ ቤዝቦል ሲጀመር ደግሞ ማያሚ ማርሊንስ ገና ሦስት ጨዋታ እንዳደረገ ከደርዘን በላይ ተጫዋቾቹ ታመሙ ወይም ቫይረሱ ተገኘባቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1919 ሞንትሪያልና ሲያትል ለስታንሊ ዋንጫ የበረዶ ሆኪ ፍጻሜ ሲጫወቱ የዚያን ዘመኑ ኢንፍሉዌንዛ ዓለምን እየፈጀ ነበር። ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ወደቁ፤ የመጨረሻው ጨዋታ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ተሰረዘ። የሞንትሪያሉ ጆ ሆል ከሆስፒታል ሳይወጣ ሞተ። ዋንጫውም ባለቤት ሳያገኝ ቀረ። ጨዋታውን ከአንድ ሳምንት በፊት ማቆም ይቻል ነበር፤ ያኔ ግን ትኬት ተሸጧል፣ ተመልካች ይጠብቃል። ከ100 ዓመት በኋላም ምክንያቱ ያው ነው፤ በትኬቱ ቦታ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ገባ እንጂ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ። በ2020 የመጀመሪያ ወራት በየአገሩ ትኩሳት ያለበት ሰው፣ በሽተኛ የምታነሣ ነርስ፣ መመርመሪያ አጥተው ሲንከራተቱ አንድ ጤነኛ አጥቂ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚመረመርበት ምክንያት ምንድን ነው?

ጋዜጠኛዋ፦

ጋሼ፣ ስለ ባት የነገሩኝ አንገቴን አስደፍቶኛል። ያንን ከስክሪን ማየት እንደማይቻል እቀበላለሁ።

ምርመራው ላይ ግን ልመልስ። ጥያቄዎ በማርች ቢቀርብ ኖሮ እኔም ከጎንዎ እቆም ነበር። ያኔ መመርመሪያ ብርቅ ነበር። ጀርመን ውስጥ ሊጉ ሲመለስ ግን የሚያስፈልገው ምርመራ ከአገሪቱ የመመርመር አቅም ግማሽ በመቶ እንኳ እንደማይሞላ አስተዳደሩ አስልቶ አቅርቧል። ስለዚህ መለኪያው ለየአገሩ ነው፦ የታመመ ሰው ወረፋ ላይ እያለ ተጫዋች አይቅደም፤ ወረፋው ሲያልቅ ግን ምን ይከለክላል?

ስፖርት የወሰደውን ብቻ ሳይሆን የሰጠውንም እንቁጠር። የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በምራቅ የሚሠራ ርካሽ የምርመራ ዘዴ ሲያዘጋጁ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤና የተጫዋቾቹ ማኅበር ገንዘብ ሰጥተዋል፤ ተጫዋቾችና ሠራተኞችም ናሙና ሰጥተዋል። ኦገስት 2020 ላይ ዘዴው በአሜሪካ ለአስቸኳይ ጊዜ ተፈቀደ። በጥጥ እንጨት አፍንጫውን መነካት ለሚፈራ ሕፃን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን እዚያው ኤንቢኤ ያደረገውን ይመልከቱ። ማርች 11 ተጫዋቹ ሩዲ ጎቤር ቫይረሱ ሲገኝበት በዚያው ምሽት ሊጉ ቆመ። ሳይጣደፉ ተዘጋጁ። ከዚያ 22 ቡድኖችን ፍሎሪዳ ኦርላንዶ አጠገብ ባለ አንድ የመዝናኛ ስፍራ ዘግተው አስገቡ። ጁላይ 30 ተጀመረ፣ ኦክቶበር 11 ሌከርስ ዋንጫ ሲያነሣ አለቀ። ከገቡ በኋላና ለይቶ ማቆያውን ከጨረሱ በኋላ አንድም ተጫዋች ቫይረሱ አልተገኘበትም። ከግቢው ውጭ ፍሎሪዳ በወረርሽኙ ስትናጥ ነበር። «አይቻልም» ለሚሉኝ መልሴ ይህ ነው።

ወጌሻው፦

አንድ ሊግ ቻለ። ለሦስት ወር ያህል፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ። ይህ ገንዘብ ያለው ሊግ በዓለም ላይ ስንት ነው?

ለነገሩ ገንዘቡ ቢኖርም ሰውየውን እንየው። ተጫዋቹ ፖል ጆርጅ ከዚያ ግቢ ሆኖ ጭንቀትና ድብርት እንደያዘው በአደባባይ ተናግሯል። ስንቱ ዝም ብሎ እንደተጫወተ እኔ እገምታለሁ፤ ተጫዋች ሕመሙን የሚናገረው ማሻ አልጋ ላይ ተደፍቶ፣ ፊቱ ሳይታይ ነው።

የልብ ነገር ደግሞ አለ። ኤድዋርዶ ሮድሪጌዝ ያኔ የቤዝቦል ቡድኑ የቦስተን ሬድ ሶክስ ኳስ ወርዋሪ ነበር፤ በ27 ዓመቱ ኮቪድ ይዞት ከዳነ በኋላ የልብ ጡንቻው ተቆጣበትና የ2020ን የውድድር ዘመን ሙሉ ሳይጫወት ቀረ። የልብ ጡንቻ ቆጣ ባለበት ጊዜ ሰውነትን ማስጨነቅ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ሐኪም ይንገርሽ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ «ደህና ነኝ፣ አስገባኝ» ያላለኝ ተጫዋች የለም። አጥንቱ ተሰንጥቆ «ደህና ነኝ» ያለኝ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ያ ግቢ ዝግ ነበር ብለሽኛል። ለማን? ተጫዋቾቹ ግቢው ውስጥ አደሩ። ክፍል የሚያጸዱት፣ ምግብ የሚያቀርቡት የሆቴል ሠራተኞች ግን ማታ ማታ ወደየቤታቸው ይመለሱ ነበር፤ ወደዚያችው በወረርሽኙ ትናጥ ነበር ወዳልሻት ፍሎሪዳ። ማስክና ርቀት ነበራቸው እንጂ አጥር አልነበራቸውም። አንቺ ሜዳው ይከፈት ስትዪ በማልያ አጣቢዋ ስም ነው የተከራከርሽው። እኔ ይቆይ ስል በእሷው ስም ነው። ልዩነታችን እኔ አጠገቧ ቆሜ መሥራቴ ነው። ከጨዋታ በኋላ ላብ የጠጣ 20 ማልያ፣ ካልሲና የውስጥ ልብስ በእጇ እያነሣች ማሽን ውስጥ ትከታለች። ለጋዜጣዊ መግለጫ አትጠራም።

ጋዜጠኛዋ፦

በዚህ ነጥብ አልሟገትዎትም፤ ትክክል ነዎት። ምርመራው የሠራተኛውንም ስም ያልያዘ ሊግ አልተዘጋጀም።

ነገር ግን መዘጋትን እንደ ንጹሕ ውሳኔ አድርገው አያቅርቡልኝ። ፈረንሳይ ኤፕሪል 30 ላይ ሊጉን ዘጋች። አሥር ዙር እየቀረ አሚያንና ቱሉዝ እንዲወርዱ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ዞሩ፣ ከመውረድ ግን አልዳኑም። ኔዘርላንድ ውስጥ ካምቡር በሁለተኛው ሊግ አንደኛ ሆኖ እየመራ «ማንም አያድግም» ተባለ። በዋናው ሊግ አያክስና አዜድ እኩል 56 ነጥብ ይዘው ሻምፒዮን ሳይኖር ዓመቱ አለቀ። ድሬስደን ተበደለ ካልን እነዚህም ተበድለዋል። ደግሞም የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው። በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ውሉ ሊያልቅ ሁለት ወር የቀረው ተከላካይ አንድ የውድድር ዘመን ሲያጣ ሙያውን ነው የሚያጣው።

መገደድም የለበትም እላለሁ። የእንግሊዙ ክለብ የዋትፎርድ አምበል ትሮይ ዲኒ የመተንፈስ ችግር ያለበት ሕፃን ልጅ ስላለው መጀመሪያ ላይ ወደ ልምምድ አልመለስም አለ። ንጎሎ ካንቴ ቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ቼልሲ ፈቀደለት። ሰማይ አልተደፋም። የእንግሊዙ ሊግ ጁን 17 እንደገና ተጀመረ፣ ዲኒም ሲረጋጋ ተመለሰ።

ወጌሻው፦

ዲኒ አምበል ስለሆነ ነው የተሰማው። የዋትፎርድ የአውቶቡስ ሹፌር «ልጄ አስም አለበት፣ አልነዳም» ቢል ማን ይጽፍለታል?

ደንቡ ጠንካራ ነው ስትዪኝ የማስበውን ልንገርሽ። ኦክቶበር 27 ቀን 2020 ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ የቤዝቦሉን ዋንጫ በወሰደበት ምሽት የቡድኑ ተጫዋች ጀስቲን ተርነር በጨዋታው መሐል ወጣ፤ ቫይረሱ እንዳለበት ውጤቱ መጥቶ ነው። ለብቻው እንዲቀመጥ ተደረገ። ዋንጫው ሲነሣ ግን ወደ ሜዳ ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር ተቃቀፈ፤ ለፎቶ ሲቀመጥም ማስኩን አወለቀ። አጠገቡ የተቀመጠው አሠልጣኙ ዴቭ ሮበርትስ ከካንሰር የዳነ ሰው ነው። ተርነር በኋላ ይቅርታ ጠይቋል፤ ክፉ ሰው ነው አልልም። ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ቀን ነበር። ታዲያ በዚያ ቀን ያልሠራ ደንብ በሌላው ቀን እንዴት አምነዋለሁ?

ይህ ሁሉ ሆኖ «ለዘላለም ይዘጋ» አላልኩም። ሁለት ነገር አሟሉልኝ። የምርመራው ዝርዝር ሲወጣ አጣቢዋ፣ ሹፌሩና አጽጂው ከአጥቂው በላይ ይጻፉ። «አልገባም» ያለ ሠራተኛ ደግሞ ደመወዙ ሳይነካ ቤቱ ይቀመጥ።

ጋዜጠኛዋ፦

የመጀመሪያውን ዛሬውኑ እፈርማለሁ። ሁለተኛው ግን ገንዘብ ይፈልጋል ጋሼ። የቴሌቪዥን ውል ያለው ሊግ ይከፍላል፣ መክፈልም አለበት። በትኬት ብቻ የሚኖረው ክለብ ግን በዝግ ስታዲየም ተጫውቶ ከየት ያመጣል?

ወጌሻው፦

መክፈል ያልቻለ ይቆይ።

ጋዜጠኛዋ፦

እሱ በቆየ ቁጥር ደመወዟን የምታጣው ያቺው አጣቢ ናት። ይህን ደግሞ እርስዎ ይመልሱልኝ።